እንደ ሕፃን በእግዚአብሔር መታመን፦ ከማለዳ ጸሎት እስከ ሌሊት ውኃ

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ እናቱ ያዘለችው ሕፃን አይጠፋም። ታክሲው መቼ እንደሚመጣ፣ ሂሳቡ ስንት እንደሆነ፣ ከወረዱ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቅም። የሚታየው የእናቱ ማጅራት ብቻ ነው። ካፊያ ሲጀምር ነጠላ ይደረብበታል፤ እሱም እንቅልፉን ይቀጥላል። ሙሴ ለእስራኤል ያስታወሳቸው ይህንኑ ነው፦ ሰው ልጁን እንደሚሸከም አምላካችሁ በምድረ በዳ ተሸከማችሁ (ዘዳግም 1፥31)።

እንዲህ ወደ መታመን ልምምድ ከመግባት በፊት የትኛው የሕፃን ጠባይ እንደሚፈለግ መለየት ያስፈልጋል። ጌታ “ካልተመለሳችሁ እንደ ሕፃናትም ካልሆናችሁ” ያለው ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደሚበልጥ በጠየቁበት ሰዓት ነው (ማቴዎስ 18)። በመካከላቸው ያቆመው ሕፃን ማዕረግም ገንዘብም የለውም፤ የሚበላውን የሚያገኘው ከሌላ ሰው እጅ ነው። የሚፈለገው ይህ በሌላው እጅ መኖር ነው። አላዋቂነት ግን አይፈለግም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለክፋት ሕፃናት፣ በአእምሮ ግን የበሰሉ እንዲሆኑ ቆሮንቶሳውያንን መክሯል (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥20)።

ሥራው የሚጀምረው ማለዳ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ስልክዎን ሳይከፍቱ፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነና ልጆች ከተኙ በረንዳ ላይ ወይም ደረጃው ላይ መቆም ይቻላል። “አባታችን ሆይ”ን በየልመናው እያቆሙ፣ አንድ ትንፋሽ እየወሰዱ ይጸልዩ። በልማድ በ20 ሰከንድ የምናልፈው ጸሎት እንዲህ ሲጸለይ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። “የዕለት እንጀራችንን” ላይ ሲደርሱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቁሙ። የዛሬን ጉዳይ ከሦስት ሳያስበልጡ በስሙ ይጥሩ፤ “ሁሉን አሳካልኝ” ብለው አይለፉት። ልጅ “እናቴ፣ ውኃ” ይላል እንጂ “ፍላጎቴን አሟዪልኝ” አይልም።

ጉዳዩ የዛሬ መሆኑን መለያው ቀላል ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጅዎ ሊነካው ይችላል ወይ? የወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ የዛሬ አይደለም። አከራይዋን ደውሎ አምስት ቀን እንዲታገሡ መለመን ግን የዛሬ ነው። የቀረውን በደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ “የነገ” ብለው ጽፈው ይዝጉት፤ እሑድ ከሰዓት ብቻ ይክፈቱት። ደብተሩ የሚጠቅመው ጭንቀቱ የሚቀመጥበት ቦታ እንዲያገኝ ነው፤ ቦታ ካላገኘ ቀኑን ሙሉ ራስ ላይ ይዞራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው “ለነገ አትጨነቁ” ማለትን አትዘጋጁ ማለት አድርጎ በመውሰድ ነው። የመናን ታሪክ በደንብ ያንብቡ (ዘጸአት 16)። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጎሞር፣ ሁለት ሊትር ገደማ፣ ይሰበሰብ ነበር፤ በፍርሃት ለማግስቱ የተረፈው ተላ፣ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲሰበስቡ ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ለሰንበት ያደረው አልተበላሸም። ስለዚህ በፈረቃ ውኃው በሚመጣበት ቀን ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖችን መሙላት፣ እቁብ መግባት፣ የእድር መዋጮ በጊዜው መክፈል እምነት ማጣት አይደለም። የሚተላው ሞልተው ከጨረሱ በኋላም እንቅልፍ የሚነሳው ስሌት ነው።

ቀን ላይ ረጅም ጸሎት ይከብዳል። ሰልፍ ላይ፣ ሃይገር ውስጥ ቆመው፣ ሒሳብ ራስዎን ሲያዞረው በአንድ ትንፋሽ “አባ፣ አባት” ይበሉ (ሮሜ 8፥15)። ጌታም በጌቴሴማኒ የጸለየው በዚሁ ቃል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የለመኑት ሳይሰጥ ሲቀር ነው። በዚህ ላይ መዝሙረ ዳዊት 130 (በዕብራይስጡ ቁጥር 131) ሦስት ቁጥር ብቻ ሆኖ ሳለ ትልቅ ትምህርት ይዟል። የሚናገረው ጡት ስለጣለ ሕፃን ነው። እኛ አገር ጡት ለማስጣል እናት ጡቷን ሬት ትቀባለች። ልጁ ይቀምሳል፣ ይመርረዋል፣ ያለቅሳል። ሌሊቱን ይነጫነጫል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሬት ወደቀባችው እናቱ ጭን ተመልሶ ይተኛል፤ አሁን የሚፈልገው ወተቱን ሳይሆን እሷን ነው። በመካከል ያለውን ለቅሶ መዝለል አይቻልም። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” እያሉ ቅሬታን መደበቅ የሕፃን ጠባይ አይደለም፤ ሕፃን ሲከፋው እዚያው እናቱ ላይ ያለቅሳል። መዝሙር 12ን (በዕብራይስጡ 13) ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፦ ዳዊት አራት ጊዜ “እስከ መቼ” ይላል። በየ“እስከ መቼ”ው የራስዎን ጉዳይ ያስገቡ። መጨረሻው ላይ ያለው “እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ” ከአፍዎ ካልወጣ አያስገድዱት፤ “አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው” ብለው ያቁሙ (ማርቆስ 9፥24)። በማግስቱ እንደገና ይሞክሩ።

“አባት” የሚለው ቃል ራሱ የሚያቆስለው ሰው አለ፤ የሚደበድብ ወይም ጥሎ የሄደ አባት የነበረው። እንዲህ ያለ ሰው በኢሳይያስ 66፥13 ይጀምር፤ እግዚአብሔር እናት ልጇን እንደምታጽናና አጽናናችኋለሁ ይላል። ቁስሉን ደግሞ ብቻውን አይያዘው። ለንስሐ አባቱ ወይም ለመጋቢው፣ ከባድ ከሆነም ለባለሙያ ይንገር።

አደገኛ የሆኑ ስሕተቶችም አሉ። አንደኛው በእምነት ስም መድኃኒት ማቋረጥ ነው። የስኳር፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው ይበረታል፤ የቲቢና የኤችአይቪው ደግሞ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። በጊዜው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እርስ በርስ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። እንጦጦ ጸበል የሚወጣ ሰው መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ ይውጣ።

ሁለተኛው ማንኛውንም “እግዚአብሔር ነግሮኛል” ባይ ማመን ነው። ሕፃን የማያውቀው ሰው ሲያቅፈው እንደሚያለቅስ አይርሱ፤ መታመኑ ለወላጁ ነው። በስልክ ደውሎ በረከት ሊልክልዎ ገንዘብ እንዲያስገቡ የሚጠይቅ ሰው ባዕድ ነው፤ ይዝጉት። ስለትም ከዋጋ ድርድር ጋር እንዳይምታታ፤ ለምስጋና የሚሰጥና እግዚአብሔርን በውል ለማሰር የሚሰጥ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ጉዳዩ ባይሳካ ልብዎ ቢኮርፍ የትኛው እንደነበር ይታወቃል።

ለልምምዱ ጊዜ መወሰን ይረዳል። ለኦርቶዶክሳውያን ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያለው ጾመ ፍልሰታ ተስማሚ ነው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ስለሚጾሙት በቅዳሴ ሰዓት ዓይንዎ ፊት ይቆማሉ፣ እናታቸውን ተደግፈው። ለሌሎችም ሁለት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ስሜት ባይሰማዎ ሰዓቱን አይቀይሩ፤ ጸሎቱንም አያርዝሙ።

ማታ ሲተኙ ያልጨረሱትን አንድ ነገር ብቻ ለእግዚአብሔር ይንገሩ፤ ከዚያ ስልኩን ከአልጋ ያርቁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሐሳብ ቢቀሰቅስዎ ሒሳብ አይጀምሩ፤ “በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም” (መዝሙር 4) ይበሉ። የቀሰቀስዎ የቧንቧው ድምፅ ከሆነ ግን ተነሥተው ጄሪካኖቹን ይሙሉ፣ ክዳናቸውን ይግጠሙ፣ ተመልሰውም ይተኙ።