ቤተሰብ ይዞ አዲስ አበባ መግባት፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት እንደምታልፏቸው

ከድሬዳዋ ነቅለን አዲስ አበባ የገባነው በነሐሴ ነው። ዕቃችን በአይሱዙ ከኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዘን ከፊት። ከታች የምጽፈውን ያኔ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ ልጆቼ የመጀመሪያውን ሳምንት ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየተጠረጉ ባላለፉ ነበር።

1. ሳትነሱ ወረቀታችሁን ጨርሱ

ከምትለቁት ቀበሌ የመላውን ቤተሰብ መሸኛ አውጡ። ከትምህርት ቤት የልጆቹን መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ ከቤት ደግሞ የልደት የምስክር ወረቀታቸውን ያዙ። ሁሉንም ኮፒ አድርጉና ዋናውን በእጅ ቦርሳችሁ ይዛችሁት ተጓዙ፤ ዕቃ መሃል ከገባ ለሳምንት አታገኙትም። መሸኛ ረስቶ የመጣ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ተመልሶ የመጣበትን መንገድ ይሄዳል።

2. ቤቱን ሳይሆን ውኃውን ተከራዩ

የእኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ቤቱን ያየነው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ደላላው ገና እንደገባን ቧንቧውን ከፈተው፤ ውኃው ተንዶለዶለ። ደስ ብሎን የስድስት ወር ኪራይ ከፈልን። ቅዳሜ ዕቃችንን አራግፈን ቧንቧውን ስንከፍት አየር ብቻ ፉሽ አለ። ግቢው ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት ወጥተው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ የሐሙስ ውኃ ነው'ኮ፤ አሁንማ እስከ ሐሙስ የለም» አሉኝ። በእጃችን ሁለት ጄሪካን ብቻ ነበር። ቤቱን ለቀን እንዳንወጣ የስድስት ወሩ ገንዘብ ያዘን።

ስለዚህ «ውኃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። በየስንት ቀኑ ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት? ስንት ሰዓት ይቆያል? ፎቅ ላይ ከሆነ እስከዚያ ይወጣል? ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁትም ደላላውን ሳይሆን የሰፈሩን ባለሱቅና በዚያው ግቢ ልብስ የምታጥበውን ሴት ነው። በየበሩ የተደረደረ ጄሪካን ካያችሁ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ቤቱን ከወደዳችሁት ግን ፈረቃ አለ ብላችሁ አትተዉት። ሒሳቡን ሥሩ። እኛ አራት ሰዎች ቆጥበን በቀን አራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ ማለትም 80 ሊትር እንጨርሳለን። በሳምንት 560 ሊትር ነው። ውኃው በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ ባለ 500 ሊትር ሮቶ አይበቃም፤ ትንሽ ጨክናችሁ ባለ 1,000 ግዙ። ግፊቱ ደካማ በሆነበት ሰፈር ጣራ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አይሞላም። መሬት ላይ አስቀምጣችሁ መሙላት፣ አቅም ካለ ወደ ላይ በፓምፕ መግፋት ይሻላል። እስከዚያ ብላችሁ በርካሽ የሚሸጥ አሮጌ በርሜል እንዳትገዙ። ብዙው ኬሚካል የነበረበት ነው፤ ቢታጠብም እኔ ለልጆቼ ውኃ አላስቀምጥበትም።

3. ውል፣ ቆጣሪና ዕቃ ማውረድ

እኛ የገባነው የኪራይ አዋጁ ሳይወጣ ነው፤ እናንተ ተጠቀሙበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የኪራይ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የስድስት ወር የሚጠይቅ አከራይ ካጋጠማችሁ ይህን በትሕትና ንገሩት።

የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ንባብ በገባችሁበት ቀን ፎቶ አንሱ፤ የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው ዕዳ ካለም አስጠይቁ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። የጫኝና አውራጅን ዋጋ ደግሞ መኪናው ሰፈር ከመግባቱ በፊት ተስማሙ። ገመዱ ከተፈታ በኋላ መከራከር አይቻልም።

4. የመጀመሪያው ሌሊት

ብርድ ልብስ፣ የልጆች ሹራብ፣ አንድ ድስት፣ ሻማና ክብሪት በአንድ ፌስታል ታስረው መጨረሻ ይጫኑ፤ መጀመሪያ ይወርዳሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ከቆላ የመጣ ልጅ በክረምቱ ብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ደረጃ ሲወጣም ቶሎ ይደክመዋል። ጥቂት ቀን ታገሡት። ምግብም ይዘገያል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሽንብራ እንደለመዳችሁት ቶሎ አይበስልም። ማታውኑ ዘፍዝፋችሁ እደሩ።

5. ልጆቹን ሰፈር አስተምሯቸው

አዲስ አበባ በቤት ቁጥር አይደለም የምትገኘው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በአደባባይ፣ በድሮ ሱቅ ስም ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ በእግር ወስዳችሁ መልሷቸው፤ በመጨረሻው ቀን እነሱ ይምሯችሁ። ታክሲ የሚይዙ ከሆነ ረዳቱ የሚጠራውን ስም በጆሯቸው ይልመዱት፤ ካርታ ላይ ያለው ስምና ረዳቱ የሚጠራው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የትንሹ ልጅ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን የያዘ ወረቀት ይኑር።

6. ቡና አፍሉ

በሦስተኛው ቀን፣ ሶፋው ገና በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ ጎረቤቶችን ቡና ጠጡ በሏቸው። እኔ ቤቱ ይስተካከል ብዬ አንድ ወር ቆየሁ፤ ያንን ወር አሁን ድረስ ይቆጨኛል። የቆሻሻ መኪና መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ክሊኒክ ለሕፃን ጥሩ እንደሆነ፣ እድሩ መቼ እንደሚሰበሰብና መግቢያው ስንት እንደሆነ የሰማሁት ሁሉ በዚያ ቡና ላይ ነው። እድር በሁለተኛው ወር ገባን። ሐሙስ ሌሊት ውኃው ሲመጣ ደግሞ እኚያ እናት አሁንም ግድግዳችንን ሁለቴ ያንኳኳሉ።