ከደባል ጋር ተጣልታችሁ ቤት ስትለቁ
በጋራ ከተከራያችሁት ቤት ከደባላችሁ ጋር ባለመስማማት ስትወጡ፣ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት አከራዩ፣ እናንተና የሚቀረው ደባል የምትፈርሙበት የአንድ ገጽ ስምምነት አዘጋጁ። አከራዩ ከዚያ ቀን በኋላ ከሚመጣው ኪራይ ነጻ እንዳደረጋችሁ በግልጽ ይጻፍ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው የዕለቱ ንባብም ይስፈር። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1896 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር የጋራ ባለዕዳዎች በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ስለሆኑ፣ ለደባላችሁ «ወጥቻለሁ» ማለት ብቻውን አከራዩ እሱ ያልከፈለውን ኪራይ ሙሉ በሙሉ ከእናንተ እንዳይጠይቅ አያግደውም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሉ በወረዳ ተመዝግቦ ከሆነ ለውጡንም እዚያው አስመዝግቡ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጠቡ ለድብደባ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ፊርማ ሳትጠብቁ ውጡ፤ ስምምነቱን ቆይቶ በሽማግሌ በኩል መጨረስ ይቻላል።