የጥርስ ራጅ ሲበላሽ፦ ማሽኑን ከመውቀስ በፊት

ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። "አርጅቷል" ይባላል። ከዚያ ሰዓቱ ይጨመርና ታካሚው በድጋሚ ይነሳል። ሁለተኛውም ያው ይሆናል። ታካሚው ያለጥቅም ጨረር ወሰደ፣ ችግሩም እዚያው አለ። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ጥፋተኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ጨረሩ ከሚወጣበት ቱቦ አንግል፣ ከፊልሙ አቀማመጥና ምስሉን ከሚያወጣው የማጠቢያ ኬሚካል፣ ከዴቨሎፐሩ ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ የተበላሸው ፊልም ላይ ይነበባል። ስለዚህ ቅርጫት ውስጥ ከመጣሉ በፊት መብራት ላይ ይዛችሁ እዩት።

ፊልሙ ፈዘዘ፣ ነጣ ብሎ ወጣ

መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፦ የዛሬው ፊልም ሁሉ ነው የነጣው ወይስ ይሄ ብቻ?

ሁሉም ከሆነ ቴርሞሜትር አምጡ። ፊልም በእጅ ሲታጠብ የተለመደው ልክ ዴቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ሆኖ 5 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ጠዋት ክፍሉ ራሱ 20 አይሞላም። ሌሊቱን ያደረ ዴቨሎፐርማ ይብሳል። ሙቀቱ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ሃይድሮኪኖን የተባለው ኬሚካል ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። ጥቁሩን ጥቁር የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። እሱ ከተኛ ፊልሙን ብታቆዩትም ደህና ምስል አይወጣም። መፍትሄው ቀላል ነው፤ የዴቨሎፐሩን ዕቃ ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት፣ 20 ሲደርስ ሥራ ጀምሩ። ሙቅ ውሃውን ዴቨሎፐሩ ውስጥ እንዳትጨምሩ ግን፤ ይቀጥናል።

ሙቀቱ ደህና ነው? እንግዲያው ቀለሙን እዩ። ቡናማ ሆኖ የጠቆረ ዴቨሎፐር አልቆለታል። ብዙ ባይሠራበትም አየር ብቻውን ይገድለዋል፣ ስለዚህ ክዳን ይኑረው። ቢበዛ በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይቀየር፤ በትንንሽ ኩባያ የምትሠሩ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። "ገና ይሠራል" የምትል ቁጠባ ውድ ናት። አዲስ ዴቨሎፐር በገባበት ቀን የታጠበ አንድ ጥሩ ፊልም ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የየቀኑን ከእሱ ጋር ስታስተያዩ ድካሙ በዓይን ይታያል።

የነጣው ይሄ ፊልም ብቻ ከሆነ ወደ ቱቦው ተመለሱ። ኮኑ (ወደ ታካሚው የሚዞረው የቱቦው ጫፍ) ከታካሚው ፊት ርቆ ነበር? ርቀት እጥፍ ሲሆን ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ጣት መራቅ ቀላል ይመስላል እንጂ ምስሉ ላይ ይታወቃል። ኮኑ ቆዳውን ሊነካ እስኪል ይቅረብ።

አንዳንዱ ፊልም ደህና፣ አንዳንዱ ነጣ የሚል ከሆነ ደግሞ መብራቱን ጠርጥሩ። የቮልቴጅ ማስተካከያ የሌላቸው የቆዩ ማሽኖች የመስመሩ ኃይል ሲወርድ ጨረራቸውም ይደክማል። ጥሩ ስታቢላይዘር ከአዲስ ማሽን በብዙ ይረክሳል።

አሁንም ካልለየላችሁ ሰው ሳትነኩ ሞክሩ። አንድ ፊልም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ቁልፍ ጣሉበት፣ ክፍሉን ለቃችሁ ወጥታችሁ አንሱትና በአዲስ ዴቨሎፐር በ20 ዲግሪ እጠቡት። ቁልፉ ያላረፈበት ቦታ ጥቁር ካልሆነ ያኔ ቴክኒሻን ጥሩ።

ነጣ ብሎ፣ በላዩ ላይ የጎማ ዱካ የመሰለ መስመር አለበት

ፊልሙ ተገልብጦ ነው የተነሳው። እሽጉ ውስጥ ከፊልሙ ጀርባ ስስ የእርሳስ ወረቀት አለ፤ ጨረሩ በእሱ አልፎ ስለመጣ ደክሟል፣ የወረቀቱ ቅርጽም ታትሟል። ነጩ ፊት ወደ ቱቦው፣ ቀለም ያለው ጀርባ ወደ ምላስ ይሁን። ይሄን ፊልም "ይታያል እኮ" ብላችሁ አትጠቀሙበት። ግራና ቀኙ ስለተገለበጠ የተሳሳተ ጥርስ እስከማስነቀል ያደርሳል።

ፊልሙ ጠቆረ ወይም ግራጫ ሆነ

ድሬዳዋና ጋምቤላ ያላችሁ የሐምሌውን ችግር ገልብጡት። ዴቨሎፐሩ ሞቋልና ጊዜው ማጠር አለበት፦ 24 ዲግሪ ገደማ ሲሆን 3 ደቂቃ ይበቃል። የእናንተ ኬሚካል አምራች ያወጣው ሰንጠረዥ ካለ እሱን ተከተሉ። ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ዕቃውን በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱት እንጂ ከሰዓት ጋር አትሽቀዳደሙ።

ጥቁር ሳይሆን ጥርት ያላለ ግራጫ ከሆነ የገባ ብርሃን አለ፣ ወይ ፊልሙ ጊዜው አልፎበታል። ለጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት የሳንቲም ፈተና አለ። አንድ ፊልም ከእሽጉ አውጡ፣ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡበት፣ በቀዩ መብራት ሥር 3 ደቂቃ ተዉትና እጠቡት። የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ አያስተማምንም። አምፖሉ ከ15 ዋት እንዳይበልጥ፣ ርቀቱም ከ1.2 ሜትር እንዳያንስ አድርጉ፤ ማጣሪያው ተሰንጥቆ እንደሆነም እዩ። ባለ ቀይ ክዳን ሣጥን ውስጥ የምታጥቡ ደግሞ ሣጥኑን ከመስኮት አርቁ። የእኛ አገር የቀትር ፀሐይ ያን ክዳን አያከብረውም።

ጥርሱ ረዘመ፣ ወይም አጠረ

ይሄኛው ላይ ቆም እንበል። ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ውስጡን ማከም) የሚሠራ ሐኪም የሥሩን ርዝመት የሚገምተው ከዚህ ፊልም ነው። ፊልሙ ከዋሸ ሥሩን የሚጠርገው ቀጭን መሣሪያ፣ ፋይሉ፣ ከሥሩ ጫፍ ያልፋል፣ ወይ ሳይደርስ ይቆማል።

ነገሩ የጥላ ጉዳይ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላችን ይረዝማል፣ አናት ላይ ስትወጣ ያጥራል። ቱቦው በጣም ጠፍጠፍ ብሎ ከተነሳ ጥርሱ ይረዝማል፤ በጣም ቀጥ ብሎ ከላይ ከወረደ ያጥራል። ለላይኛው ጥርስ ረዘመ ማለት አንግሉን ጨምሩ፣ አጠረ ማለት ቀንሱ ማለት ነው።

ፖላንዳዊው አንቶኒ ቼሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው ሕግ ዛሬም ይሠራል። ፊልሙና ጥርሱ በመሃላቸው አንግል ይፈጥራሉ፤ ያንን አንግል እኩል የሚከፍል መስመር አስቡ፣ ጨረሩ ለዚያ መስመር ቀጥ ያለ ይሁን። በልምድ ለላይኛው የፊት ጥርስ ወደ 40 ዲግሪ፣ ለላይኛው መንጋጋ ጥርስ ወደ 20 ቁልቁል ይነሳል። ለታችኛው መንጋጋ ጥርስ ወደ 5 ዲግሪ ሽቅብ ይበቃል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ታካሚው ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ የላይኛው ጥርሱ መንከሻ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው። ሐኪሙ ወንበሩን አጋድሞ ሲሠራ ይቆይና እዚያው እንደተኛ "ራጅ አንሺልኝ" ይላል። ረዳቷ 40ን ታውቀዋለች፣ ግን የታካሚው ጭንቅላት ከ40ው ጋር አብሮ ተዘንብሏል። ወንበሩን ማቅናት ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ ነው።

የጥርሱ አንድ ጫፍ ብቻ ተዛብቶ ከሆነ አንግሉን ተዉት፣ ፊልሙ ታጥፏል። ታካሚው በጣቱ ወደ ላንቃው ሲጫነው ይለመጣል። ለሁለቱም ችግር ከሁሉ የሚሻለው የፊልም መያዣ ነው። ፊልሙን ከጥርሱ ጋር ትይዩ ያቆምላችኋል፣ ቀለበቱ ኮኑን ይመራል። የእንፋሎት ማምከኛን ሙቀት የሚችለውን ግዙ።

የሥሩ ጫፍ ተቆረጠ

ፊልሙን ከጥርሱ ጋር አጣብቃችሁታል። ወደ ላንቃው መሃል ራቅ አድርጉት፤ ቦታ ያለው እዚያ ነው። ታካሚው የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ከፊት ጥርስ ጀምሩ፣ በአፍንጫው ይተንፍስ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጨው አድርጉለት። ጨው ይሠራል፤ አትሳቁ።

ጥርሶቹ ተደራርበው ታዩ

ቱቦው ወደ ጎን ተጣሟል። ጨረሩ በሁለቱ ጥርሶች መገናኛ መሃል ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። ባይትዊንግ (ታካሚው ነክሶት የላይና የታች ጥርሶች አብረው የሚነሱበት ፊልም) ላይ ይሄ ከጠፋ ፊልሙ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የተነሳው በጥርሶች መሃል የተደበቀ ቡርቡር ለመፈለግ ነው።

አንድ ጥግ ባዶ ነጭ ሆነ

ኮኑ ፊልሙን ሳተው። ባዶው ጠርዝ ክብ ከሆነ ኮናችሁ ክብ ነው፣ ቀጥ ያለ ከሆነ አራት ማዕዘን። ቱቦውን ወደ ባዶው ጥግ አቅጣጫ ጎተት አድርጉት። ባለ አራት ማዕዘኑ ላይ ስህተቱ ይበዛል፤ ቢሆንም ጨረሩን ከግማሽ በላይ ስለሚቀንስ ከመያዣ ጋር ልመዱት ባይ ነኝ።

ደብዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የማይለይ ምስል

የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል። ጀርመናዊው ኦቶ ቫልክሆፍ እ.ኤ.አ. በ1896 መጀመሪያ ላይ የራሱን ጥርስ ሲያነሳ 25 ደቂቃ ያህል ፈጅቶበታል። ዛሬ ከሴኮንድ በታች ነው፣ ስለዚህ ታካሚውን ብቻ አትጠርጥሩ። ቱቦውን አስተካክላችሁ ልቀቁትና ክንዱን እዩት፤ ዝቅ ዝቅ የሚል ከሆነ መገጣጠሚያው ላልቷልና ይጥበቅ።

ነጠብጣብና ቀለም

ጥቁር ነጠብጣብ ቀድሞ የተረጨ ዴቨሎፐር ነው፣ ነጩ ደግሞ ከዴቨሎፐሩ ቀጥሎ ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ፊክሰር። ቅርንጫፍ ያላቸው ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች በደረቁ የበጋ አየር ፊልሙን በኃይል ከእሽጉ ሲስቡት የሚፈጠር ኤሌክትሪክ ናቸው፤ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ከወራት በኋላ ቡናማ የሆነ ፊልም በደንብ አልታጠበም፦ ፊክሰር 10 ደቂቃ፣ ከዚያ የሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃ።

ዲጂታል ከሆነ

በፊልም ፋንታ አፍ ውስጥ የሚገባው ሴንሰር ምስሉን አያጠቁርም፣ ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው፤ ጨረር አብዝታችሁ ሳታውቁት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ከፊልም ወደ ሴንሰር ስትቀይሩ የቀድሞውን ሰዓት ይዛችሁ አትቀጥሉ። በስካነር የሚነበበው ፕሌት ከሆነ ደግሞ ብርሃን ሳያየው ቶሎ ይነበብ። የድሮ ታካሚ ጥርስ በአዲሱ ላይ ተደርቦ ከታየ የቀድሞው ምስል ከፕሌቱ ላይ አልተደመሰሰም ማለት ነው። ጭረት ግን አይድንም፣ ፕሌቱን ቀይሩት።

ፓኖራሚክ (ሙሉ መንጋጋው በአንዴ የሚነሳበት ራጅ) ላይ

የጥርሱ ረድፍ ከመጠን በላይ ፈገግ ካለ አገጩ ወርዷል፣ ከተገለበጠ ቀና ብሏል። የፊት ጥርሶች ከቀጠኑ ታካሚው ወደ ፊት ተጠግቷል፣ ከሰፉ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በላይኛው ሥሮች ላይ ጥቁር መጋረጃ ከወጣ ምላሱ ላንቃው ላይ አልተለጠፈም፤ ምራቁን ውጦ ምላሱን እዚያው ይያዝ። የጆሮ ጌጥ በተቃራኒው ጎን ከፍ ብሎ፣ ገዝፎና ደብዝዞ ይታያል።

ማተብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አውልቁ ማለት ብዙ ታካሚ ያስከፋል፣ አያስፈልግምም። ክሩ አይታይም፤ የሚታየው ብረት መስቀሉ ነው። መስቀሉ ወደ ደረት ዝቅ ይበል እንጂ አንገት ላይ እንዳይቀር። የእርሳስ አንገት መከላከያ ደግሞ ፓኖራሚክ ላይ አይታሰርም፤ ከታችኛው መንጋጋ መሃል ትልቅ ነጭ ጥላ ይጥላል።