ባዶ ሚዛን፣ አቧራማ መስተዋት፦ በጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ ልኬት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጋማ ጨረር ከጠፈር የሚመጣ፣ እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን ነው፤ ራሱ ግን መሬት አይደርስም። ከባቢ አየሩን ሲመታ የቅንጣቶች ዶፍ ይወርዳል፤ ዶፉ ደግሞ ጥቂት ናኖ ሰከንድ የምትቆይ ሰማያዊ ብልጭታ ይለቃል። የቼሬንኮቭ ብርሃን የሚሏት እሷን ነው። ናሚቢያ ያለው ሄስ፣ ላ ፓልማ ደሴት ያለው ማጂክ፣ አሪዞና ያለው ቬሪታስ የተባሉት ቴሌስኮፖች ፎቶ የሚያነሱት ይህችኑ ብልጭታ ነው። የጋማውን ጉልበት የሚያሰሉት ከብርሃኑ መጠን ተነስተው ነው። ችግሩ፣ ጉልበቱ የታወቀ ጋማ ጨረር ከሰማይ አናት ሆኖ የሚተኩስልን የለም። ሚዛኑ የሚስተካከለው በዙሪያ መንገድ ነው፤ ስህተትም የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

የመጀመሪያው ባዶውን ሚዛን አለማየት ነው። ባለሱቅ ስኳሩን ከማስቀመጡ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ያያል። ካሜራውም እንደዚያው ነው። ብርሃን ባይኖርም እያንዳንዱ ፒክስል የሆነ ቁጥር ያነባል። የሄስ ባለ 12 ሜትር ቴሌስኮፕ ካሜራ 960 ፒክስል አለው፤ 960 ባዶ ሚዛን ማለት ነው። ቁጥሩ ከሙቀት ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ደማቅ ኮከብ በፒክስሉ ፊት ሲያልፍ ደግሞ ንባቡ ይናጣል። አመሻሽ ላይ አንዴ ለክቶ እስኪነጋ በዚያው መሥራት አያዋጣም።

ፒክስሎቹን ሁሉ እኩል አድርጎ መቁጠርም አለ። አንዱ ያጋንናል፣ ሌላው ያሳንሳል። በሌዘር ወይም በኤልኢዲ ለሁሉም እኩል አብርቶ ማስተያየት ነው፤ ብዙ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ቀጣዩ ነው። ያ መብራት በቀጥታ ካሜራው ላይ ስለሚበራ መስተዋቱን አይነካውም። መስተዋቱ ደግሞ ውጭ ነው የሚያድረው፤ አቧራ ይለብሳል፣ ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል። የመብራቱን ውጤት ብቻ አይቶ «ቴሌስኮፑ ደህና ነው» ማለት መነጽሩ ቆሽሾ ዓይንን ብቻ እንደ መመርመር ነው።

እዚህ ላይ የሚደርስልን ሙዮን ነው። ሙዮን ከኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር ከሚመጡ ፈጣን ቅንጣቶች) ዶፍ የሚወጣ ቅንጣት ነው። መስተዋቱን በስቶ ሲያልፍ ካሜራው ላይ ቀለበት ይስላል። የቀለበቱ ስፋት ብርሃኑ የወጣበትን አንግል ይነግራል፤ ከአንግሉ ደግሞ ምን ያህል ብርሃን መውጣት እንደነበረበት ይሰላል። ካሜራው የቆጠረው ከዚያ ካነሰ፣ የጎደለውን የበላው መስተዋቱ ወይም ካሜራው ነው። በየሌሊቱ የሚበራ ነጻ መብራት ነው እንግዲህ። ግን የተቆራረጠ ቀለበትና ከዶፍ ጋር የተደበላለቀ ሙዮን አብሮ ከገባ ሒሳቡ ይበላሻል።

ሙዮንን ከመጠን በላይ ማመንም ሌላ ስህተት ነው። ብርሃኑ የሚመጣው ከቴሌስኮፑ በላይ ካሉት ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። የጋማ ዶፍ ብርሃን ግን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነስቶ፣ ያንን ሁሉ አየር አቋርጦ ይመጣል። ላ ፓልማ ላይ ካሊማ የሚሉት የሰሃራ አቧራ ሲመጣ፣ ናሚቢያ ላይ የሰደድ እሳት ጭስ ሲንሳፈፍ፣ ሙዮኑ ምንም ላይናገር ይችላል። ኮከቦቹ ቁልጭ ብለው ታዩኝ ብሎ መተማመንም አያዛልቅም። ሰማዩን በሊዳር (ሌዘር ወደ አየሩ ልኮ የሚመለሰውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) መፈተሽ፣ ወይም ካሜራው በሰከንድ ስንት ዶፍ እንደሚመዘግብ መከታተል ይሻላል፤ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከወረደ አየሩን መጠርጠር ነው። ጉዳቱ ቀላል እንዳይመስል። ጉልበቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጋማው በፍጥነት እየተመናመነ ይሄዳል። እንደ ክራብ ኔቡላ (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት) ባለ ምንጭ ላይ የጉልበት ልኬቱ በ10 በመቶ ከተጋነነ፣ ከአንድ የጉልበት ወሰን በላይ የምንቆጥረው ጋማ በ16 በመቶ ገደማ ይጋነናል።

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ግን የክራብ ቁጥር «ልክ» እስኪመጣ ድረስ የልኬቱን ማስተካከያ ቁልፍ ማዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሪዞናው ባለ 10 ሜትር ዊፕል ቴሌስኮፕ ከታየ ወዲህ ክራብ የዘርፉ መለኪያ ሻማ ነው፤ ሁሉም ልኬቱን ከእሱ ጋር ያስተያያል። ለማረጋገጫ እንጂ ለማስተካከያ ግን አይደለም። የመስተዋቱ ስህተትና የአየሩ ስህተት ተጣፍተው ትክክለኛ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፤ ጉዱ የሚወጣው ቴሌስኮፑ ወደ ሌላ ምንጭ ሲዞር ነው። ሻማው ራሱም ያን ያህል የረጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፌርሚና አጂሌ የተባሉት ሳተላይቶች፣ እነዚህ ቴሌስኮፖች ከሚያዩት ባነሰ ጉልበት ላይ፣ ድንገት ሲፈካ ይዘውታል። በዚያ ላይ ክራብ ላ ፓልማ ላይ ወደ አናት ተጠግቶ ሲያልፍ፣ ናሚቢያ ላይ ግን በሰሜን በኩል ከ45 ዲግሪ ገደማ በላይ አይወጣም። ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር በዚያው ልክ ይወፍራል፤ በዚያ የተስተካከለ ቁልፍ አናት ላይ ላለ ምንጭ አይሠራም።