ለሙስታንግ ጎማ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ሙስታንግ፣ ያቺን የፎርድ መኪና፣ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀለሙና ስለ ሞተሩ ነው። ጎማው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እሱም በዓይን ይመረጣል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት መኪናው የተሠራበትን ዘመን መርሳት ነው። በ1964 ኤፕሪል 17 ፎርድ ሙስታንግን በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። ርካሹ ሙስታንግ 13 ኢንች ቸርኬ ላይ ቀጭን ጎማ ነበረው። ያኔ የአሜሪካ መኪና የሚጫማው ባያስ ነው፤ ውስጡ ያሉት ክሮች በሰያፍ የተነባበሩ ጎማ። መሪው፣ ፍሬኑ፣ ፓራፋንጎው ሁሉ የተለካው ለእሱ ነው።

ስለዚህ ጎሚስታው ጋ ሄደው "6.50-13" ወይም "F70-14" ብለው ቢጠይቁ ግራ ቢጋባ አይፍረዱበት። F የመሸከም አቅሙን የሚያመለክት ፊደል ነው፤ 70 ከፍታው ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። በሚሊሜትር የተጻፈ ስፋት የለም። በዛሬው ልክ 215/70R14 (215 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው) ለF70-14 ይቀርባል።

ባያስንና ራዲያልን (ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የተዘረጉ የዛሬው ጎማ) መቀላቀልም አለ። ሁለት ራዲያል ገዝቶ ፊት ማሰር፣ አሮጌዎቹን ባያሶች ኋላ መተው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፊቱ ይይዛል፣ ኋላው ይለቃል፤ መኪናው ዞሮ ይቆማል። አራቱንም አንድ ዓይነት ያድርጉ።

ዕድሜን አለማየት ግን ከሁሉም ይብሳል። እኛ አገር ቤት የለመድነው ጥርሱን ማየት ነው፤ ጥርስ ካለው ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት መኪና ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ስለሚወጣ ጥርሱ አያልቅም፣ ላስቲኩ ነው የሚደርቀው። አንድ ወዳጄ "ጎማው አዲስ ነው" ተብሎ የ1966 ሙስታንግ ገዛ። ጥርሱ በእርግጥ አዲስ ይመስላል። ጎንበስ ብለን በውስጥ በኩል ያለውን ጎን በስልክ መብራት አየን። ጎማው ላይ ከታተሙት DOT ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ሦስት አኃዝ ብቻ ነበር። ሦስት አኃዝ ማለት ከ2000 በፊት የተሠራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ናቸው፦ 2319 ካለ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ስድስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ያስመርምሩ፤ አሥር ከሞላው ያለ ክርክር ይጣል። ፖርታባጋሉ ውስጥ ያለውን ስኮርታም አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም አንጋፋው እሱ ነው።

ትልልቅ ጎማ የሚወዱም አሉ። ያምራል፣ አልክድም። ግን ከ195/75R14 ወደ 225/70R15 ቢያልፉ የጎማው ቁመት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። መለኪያው 100 ሲል እርስዎ 107 እየነዱ ነው። ከመግዛትዎ በፊት መሪውን እስከ ዳር አዙረው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ በሁለቱም በኩል።

ንፋስ ሲሞሉ ደግሞ ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይከተሉ። እሱ ጎማው የሚችለው የንፋስ ጣሪያ ነው።

አዲሱን የሚነዱም አያመልጡም። ከ2015 እስከ 2017 የወጣው ጂቲ የሚባለው ሙስታንግ ከፐርፎርማንስ ፓኬጁ (ተጨማሪ ተከፍሎበት ከሚመጣው የስፖርት ዕቃ) ጋር ከተገዛ ፊቱ 255/40R19፣ ኋላው 275/40R19 ነው፤ ፊትና ኋላ ማቀያየር አይቻልም። የሚመጣበት ጎማም የበጋ ነው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ላስቲኩ ይደድራል፣ መያዙን ይቀንሳል። ሚኒሶታ ያላችሁ ኖቬምበር ላይ ጋራዥ አስገቡት፣ ወይም የክረምት ጎማ ከነቸርኬው ግዙለት።

ቸርኬ ካነሳን፦ የመጀመሪያዎቹ ባለስድስት ሲሊንደር ሙስታንጎች በአራት ብሎን ነው የሚታሰሩት፣ ባለስምንቶቹ በአምስት። ያ ወዳጄ ይህንን ያወቀው አራት ቆንጆ ባለአምስት ቸርኬ ገዝቶ ቤት ካደረሰ በኋላ ነው። እስካሁን ጋራዡ ውስጥ ተደርድረው አሉ።