ፋን የሌላት ትንሽ ፓወር ሰፕላይ ለጌም ኮምፒውተር

ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ግዙት። ብዙ ሰው የሚሄደው በተገላቢጦሽ ነው። ትንሿን ነገር ያይና ልቡ ይሸፍታል፤ ከዚያ ያለውን ኮምፒውተር በግድ ሊያሸክማት ይሞክራል። መጀመሪያ መቀነስ ያለበት የኮምፒውተሩ ፍጆታ ነው። እሱ ከተስተካከለ መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የምትሰካ የፓወር ሰፕላይ ሰሌዳ ትበቃዋለች።

እኔ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ የማድረው ግን ደሴ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። እህቴ ለማትሪክ ታጠናለች፤ እኔ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ትንሽ ጌም ካልነካካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የድሮው ፓወር ሰፕላይ ፋኑ አርጅቶ ነበር። «ኧረ በአላህ ያንን ወፍጮ አጥፋልኝ!» ስትለኝ ምን መልስ አለኝ? እውነቷን ነው።

ሂሳቡን ከግራፊክስ ካርዱ ጀምሩ። የምትፈልጉት ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይሰካበት፣ ከማዘርቦርዱ ስሎት ብቻ የሚበላ ካርድ ነው። ስሎቱ ቢበዛ 75 ዋት ስለሚሰጥ ካርዱ ከዚያ እንዳያልፍ ሆኖ ነው የተሠራው። ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት ነው። ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 70 ዋት፣ አርኤክስ 6400 ደግሞ 53 ዋት ይበላሉ። ስትገዙ ካርዱን አገላብጡና እዩት። 1650 ሆኖ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ያለውም አለ። 3050 ሆኖ ባለ 8 ጊጋው ደግሞ 130 ዋት ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ ያው አይደለም። አርኤክስ 6400ን ለአሮጌ ማዘርቦርድ አልመክርም፤ ከስሎቱ የመረጃ መስመሮች አራቱን ብቻ ስለሚጠቀም ፒሲአይ 3 በሚባለው የቆየ የስሎት ትውልድ ላይ ፍጥነቱ ይጎዳል።

ፕሮሰሰሩ ላይ ብዙ ማትረፍ ይቻላል። የእኔ ኮር አይ3 12100ኤፍ ነው። ኢንቴል 58 ዋት ይለዋል፤ ሲጨናነቅ ግን እስከ 89 ይደርሳል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡና ፒኤል1 እና ፒኤል2 የሚባሉትን የፕሮሰሰሩን የዋት ገደቦች ሁለቱንም 45 ላይ አስቀምጧቸው። ቪዲዮ ስታቀናብሩ መዘግየቱ ይታወቃችኋል። ጌም ላይ ግን እኔ በዓይኔ የለየሁት ነገር የለም። ከዚያ የጌሙን ፍሬም 60 ላይ ገድቡት። ሞኒተራችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ ያለው ፍሬም በከንቱ የሚቃጠል መብራት ነው። አንዳንድ ካርድ የሚያሰማው ያ «ጢዝዝ» የሚል ድምፅም በዚሁ ይቀንሳል።

እንግዲህ ካርዱ 70፣ ፕሮሰሰሩ 45፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ እና ፋን አንድ ላይ 30 ብንል 145 ዋት ነው። «በቃ፣ 160 ዋት የተጻፈባት ፒኮ ፒኤስዩ (ከእነዚህ ትንንሽ ሰሌዳዎች አንዷ) ትበቃኛለች» ትሉ ይሆናል። ቆይ! ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ያ 160 የ3.3፣ የ5 እና የ12 ቮልት ድምር ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉንም ማለት ይቻላል የሚበላው ከ12ቱ ነው። መግለጫው ላይ 12 ቮልት ፊት ለፊት ስንት አምፔር እንደተጻፈ እዩና በ12 አባዙት። 8 አምፔር ካለ በእጃችሁ ያለው 96 ዋት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ዊንዶውስ ይከፍታል፣ ብራውዘርም ያስኬዳል። ጌሙ ገና ሲጫን ግን ድርግም ይላል። ስለዚህ ለጌም የምትሆነው በ12 ቮልት መስመሯ ብቻ 200 ዋት አካባቢ የምትችል ናት።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሶኬት 220ውን በቀጥታ የሚቀበል፣ ፋን የሌለው የጋን (GaN፣ ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ቁስ የሚጠቀም) ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ኤችዲፕሌክስ የሚባለው አምራች ባለ 250 ዋት አለው። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ግን ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ሁለተኛው እኔ የያዝኩት ነው፦ ከ16 እስከ 24 ቮልት የምትቀበል ትንሽ ሰሌዳ፣ ከውጭ ደግሞ የጌሚንግ ላፕቶፕ ቻርጀር። ያገለገለ የዴል ባለ 240 ዋት ቻርጀር ፈልጉ። ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት፣ 12.3 አምፔር ይላል። 12 ቮልት ብቻ የምትቀበለዋን ሰሌዳ 19 ላይ እንዳትሰኳት፤ የገባውን 12 እንዳለ ነው ወደ ማዘርቦርዱ የምታሳልፈው፤ 19 ስትሰጧት ምን እንደሚሆን ገምቱት።

የዴሉ ጫፍ ሰፊው ባለ 7.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሰሌዳችሁ ከእሱ ጋር የሚገጥም መሰኪያ ካላት እሰየው። ከሌላት ገመዱን ቆርጣችሁ ትክክለኛውን መሰኪያ ትበይዳላችሁ። ሲላጥ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፤ ሁለት ወፍራም ገመድና አንድ ቀጭን። ቀጭኗ ቻርጀሩ ማን እንደሆነ ለላፕቶፑ የምትናገር ናት፤ ለእናንተ አትሠራም። ጫፏን በቴፕ ጠቅልሉና ተዉአት። ወፍራሞቹን በቀለም አትመኑ። በመልቲሜትር ለኩና ፖዘቲቩን ለዩ። ብየዳው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ማለትም ቆርቆሮው ሳያብለጨልጭ ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ አፍርሱና እንደገና ሥሩት። አሥር አምፔር የሚያልፍበት መጥፎ ብየዳ ፕላስቲክ ያቀልጣል።

መግጠሙ ቀላል ነው። ሰሌዳዋን የማዘርቦርዱ ባለ 24 ፒን ላይ «ቀጭ» እስክትል ተጫኗት። ባለ 4 ፒኑን የፕሮሰሰር ገመድ ስኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባለ 8 ቢሆንም ለ45 ዋት አራቱ ይበቃሉ። የቻርጀሩ ጫፍ የሚገባበትን መሰኪያ የድሮው ፓወር ሰፕላይ የነበረበት ክፍት ቦታ ላይ በጠፍጣፋ ብረት እሰሩት። ሶኬቱን መጨረሻ ላይ።

ጌሙን ክፈቱና ሲሠራ ለኩ። የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ በፕሮሰሰሩ መሰኪያ ጀርባ በኩል ቢጫው ገመድ ውስጥ፣ ጥቁሩን ጥቁሩ ውስጥ አስገቡ። ሁለቱ ጫፎች እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ። ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ደህና ነው። ጌሙ ሲከብድ ወደ 11.4 እየተንሸራተተ ከሄደ ጭነቱ በዝቷል ወይም አንድ ቦታ ላልቷል።

ስለ ሙቀት ትንሽ ላውራ። ትልቁ ፓወር ሰፕላይ በፋኑ የኬዙን ትኩስ አየርም ያስወጣ ነበር። እሱ ሲወጣ ሥራውን የሚተካ ያስፈልጋል። አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ከኋላ፣ ባዮስ ውስጥ ቀስ እንዲል አድርጉት፤ እህቴ እስካሁን አልሰማችውም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። ሚን ዌል የሚባለው የፓወር ሰፕላይ አምራች ፋን ለሌላቸው አንዳንድ ሞዴሎቹ ከ2,000 ሜትር በላይ በየ1,000 ሜትሩ የሚፈቀደውን የአካባቢ ሙቀት በ3.5 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። ለእኛ ከሁለት ዲግሪ በታች ነው፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ከዚያ በላይ ይመልስልናል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ከ2,000 በታች ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። እዚያ ቻርጀሩን ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡት። ምንጣፍ ላይ አይሁን። ደሴም ብትሆኑ ጋቢ እንዳይወድቅበት።

መብራቱን በተመለከተ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መጻፉን እዩ። ማታ ማታ ኃይሉ ሲወርድ የሚያድናችሁ እሱ ነው። በቻርጀሩ ፋንታ፣ 12 ቮልት ብቻ ለምትቀበለዋ ሰሌዳ፣ የጥበቃ ካሜራ ዕቃ የሚሸጡት ጋ የሚገኘውን ወንፊት የለበሰ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ከመረጣችሁ ግን ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ አላቸው። ሳትሰኩ በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 115 ላይ ሆኖ የኛን 220 ካገኘ ይፈነዳል። የሚነካ ተርሚናሉም ክፍት ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት አይመከርም።

የሶላር ባትሪ ያላችሁ ከ6 እስከ 30 ቮልት የምትቀበል ሰሌዳ ፈልጉ፤ ኢንቨርተር ሳያስፈልግ ከባትሪው በቀጥታ ትሠራለች። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብትጠቀሙ 600 ዋት-ሰዓት ነው፤ 145 ዋት ለሚበላ ኮምፒውተር በወረቀት አራት ሰዓት፣ በተግባር ሦስት ሰዓት በሉት፤ ሞኒተሩን ሳይጨምር። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳታስገቡ ግን አትሞክሩት።

ካርዳችሁ አርቲኤክስ 3070 ዓይነት ከሆነ ይህ ሁሉ ለእናንተ አይደለም። እሱ ብቻውን 220 ዋት ይበላል፤ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጥሩ ባለ 650 ዋት፣ ጭነት ሲቀንስ ፋኑ የሚቆም ፓወር ሰፕላይ ግዙለት።