የስፖርት መታሰቢያ ሳንቲም ሲገዙና ሲያስቀምጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ መስቀልና ጌጣጌጥ ከሚሸጡ ሱቆች የቆዩ ሳንቲሞች አይጠፉም። የኦሊምፒክ ወይም የዓለም ዋንጫ መታሰቢያ ካገኙ ከእነዚህ ይጠንቀቁ።

ማጽዳት። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ሳንቲም ለጊዜው ቢያበራም ፊቱ በጭረት ይሞላል። ለሰብሳቢዎች ተብለው እንደ መስታወት እንዲያበሩ የተሠሩትማ በለስላሳ ጨርቅም ይጫራሉ። ጭረቱ አይጠፋም፤ የሚያውቅ ገዢ ወዲያው ያየውና ዋጋ ይቀንሳል። በብር ላይ የሚታየው ጥቁረት በአየር ውስጥ ካለ ድኝ የሚመጣ ስስ ሽፋን ነው፤ ይተዉት። አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ካለ ግን መንስኤው ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ለስላሳ ከረጢት ነው። ሳያሹ አሴቶን በሚባል ንጹሕ ማሟሟያ ፈሳሽ ይንከሩት፤ መስኮት ይክፈቱ፣ ከእሳት ይራቁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይተካውም፤ ዘይትና ሽቶ ይጨመርበታል።

ዓመቱን በፈረንጅ ማንበብ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ለ1982ቱ የስፔን ዓለም ዋንጫ ያወጣችው ባለ 2 ብር ሳንቲም ዓመቱ 1974 ዓ.ም. ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ጀርመን ያዘጋጀችው ዋንጫ መታሰቢያ ነው ቢሉዎት አይቀበሉ።

መታሰቢያ ሁሉ ከብር ማዕድን የተሠራ ነው ማለት። አበበ ቢቂላ ማራቶን ያሸነፈበት የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ቶኪዮ ኦሊምፒክ ባለ 1000 የን 20 ግራም ሲመዝን 92.5 በመቶው ብር ነው። የ1972ቱ ሙኒክ ባለ 10 ማርክ ግን 15.5 ግራም ሆኖ ብሩ 62.5 በመቶ፣ ማለትም 9.7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ያገኘበት የ1980ው ሞስኮ ባለ 1 ሩብል ጭራሽ ብር የለውም፤ ባለ 5ና ባለ 10 ሩብሉ ናቸው 90 በመቶ። እስከ 0.1 ግራም የሚለካ ሚዛን ይያዙ። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፤ አለመሳቡ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበትንም አይስብም።

ጽሑፉን አለማየት። የሙኒኩ የመጀመሪያ እትም «በዶይችላንድ» (በጀርመን) ይላል፤ ምሥራቅ ጀርመን ተቃውማ «በሙኒክ» ተባለ። በ1978 ለሞስኮው ኦሊምፒክ በወጣው፣ የሞስኮው ቤተ መንግሥት ክሬምሊን በተቀረጸበት ሩብል ላይ ደግሞ በግንቡ ሰዓት የሮማው 4 (IV) መቆም ባለበት 6 (VI) የተቀረጸበት አለ፤ ያለ አጉሊ መነጽር አይለይም።

የገንዘብ መጠንና የአውጪው አገር ስም ከሌለበት አብዛኛውን ጊዜ ሜዳሊያ እንጂ ሳንቲም አይደለም። ሲይዙትም በጠርዙ ብቻ ይሁን።